የሮካማዱርን ጋሻ በመርፌና በክር፦ የሥራ ማስታወሻ

ቅዳሜ፣ ንድፍ

ቱሉዝ ያለችው እህቴ ቤት ቀይራለች። ለአዲሱ ሳሎኗ ግድግዳ የሚሆን ጨርቅ እየሠራሁላት ነው። የሚሰፋበት የሮካማዱር ዓርማ ነው።

ሮካማዱር በደቡብ ምዕራብ ፈረንሳይ፣ በሎት አውራጃ ትገኛለች። ነዋሪዋ ስድስት መቶ ገደማ ነው፤ የራሷ ማዘጋጃ ቤትና የራሷ ዓርማ ያላት ትንሽ መንደር ናት። አልዙ የሚባለው ወንዝ በቆረጠው ሸለቆ ጥግ፣ ቤቶቿና ቤተ ጸሎቶቿ ገደሉ ላይ ተለጥፈው ነው የሚታዩት። እህቴ በጣም ትወዳታለች። እንግዳ ሲመጣባት መጀመሪያ የምትወስደው እዚያ ነው፤ እኔንም ወስዳኛለች።

ዓርማው ሲያዩት ቀላል ነው። መደቡ ቀይ ነው። በቀዩ ላይ ሦስት ነጭ ቅርጾች አሉ፣ ሁለት ከላይ፣ አንድ ከታች። የጋሻውን ላይኛ ሲሶ ሰማያዊ ሰቅ ይዞታል። በሰማያዊው ላይ ሦስት የወርቅ አበቦች ተደርድረዋል። በቃ ይኸው ነው። ግን አንዱም ነገር ዝም ብሎ የተቀመጠ አይደለም፤ ለዚህ ነው ማስታወሻ እየያዝኩ ልሠራው የፈለግኩት።

ዛሬ ንድፉን በእርሳስ ሙሉ መጠኑን አወጣሁ። ወርዱ 50 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 60። ቀለም አልተጠቀምኩም። የዓርማ ባለሙያዎች ቀለምን በመስመር ብቻ የሚጽፉበት ዘዴ አላቸው። ቁልቁል የተሰመረ ቦታ ቀይ ነው። አግድም የተሰመረ ሰማያዊ ነው። ነጠብጣብ ወርቅ ነው፤ ባዶ የተተወ ብር ነው። ዘዴውን በአውሮፓ ያስለመደው ፒየትራሳንታ የተባለ ጣሊያናዊ ካህን እ.ኤ.አ. በ1638 ባሳተመው መጽሐፍ ነው። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ዘዴው ለሰፊ በጣም ይመቻል። ንድፉ ላይ ያለው መስመር የትኛው ጨርቅ የት እንደሚገባ ይነግራል፤ ሌላ ምልክት አያስፈልግም።

እሑድ፣ ነጮቹ ቅርጾች

ጎረቤቴ ንድፉን አይታ፣ “እነዚህ ደግሞ ምንድን ናቸው?” አለችኝ። ማንም ይጠይቃል። ከታች ሰፋ ያለ መቀመጫ፣ መሀሉ ቀጠን ያለ ወገብ፣ አናቱ ላይ ለሁለት ተሰንጥቆ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የተጠቀለለ ጫፍ አላቸው። አበባም ይመስላሉ፤ ቀንድም ይመስላሉ።

የቼዝ ጠጠሮች ናቸው። በቼዝ ገበታ ጥግ የሚቆመውና ቀጥ ብሎ የሚሄደው ጠጠር ማለት ነው። የዛሬ ፈረንሳዮች ይህን ጠጠር ግንብ ብለው ይጠሩታል፤ መልኩም የግንብ መልክ ነው። በመካከለኛው ዘመን ግን ስሙ “ሮክ” ነበር። ስሙ ከፋርስ ተነሥቶ በዓረቦች በኩል የገባ ነው። ጨዋታውም የመጣው በዚያው መንገድ ነው። የእኛም ሰንጠረዥ፣ በቤተ መንግሥት ሲጫወቱት የኖሩት፣ የዚያው ጨዋታ ዘመድ ነው።

ዐለትም በፈረንሳይኛ “ሮክ” ነው። መንደሯ ደግሞ የአማዱር ዐለት ናት። ስለዚህ ጋሻው ስሟን ይጠራል፤ የሚያየው ሰው ማንበብ ባይችልም ሦስት ሮኮችን አይቶ “ሮክ-አማዱር” ይላል። እንዲህ ያለው ዓርማ ፈረንሳዮች ዘንድ ተናጋሪ ዓርማ ይባላል። አንዳንድ ሰዎች የቃል ጨዋታ ነው ብለው ይንቁታል። እኔ በዚህ አልስማማም። ፊደል የቆጠረው ሰው ጥቂት በነበረበት ዘመን፣ ስምን በዓይን ማስነበብ ትልቅ ነገር ነው።

ቅርጹ ለምን ግንብ እንደማይመስልም ምክንያት አለው። በእስልምናው ዓለም ይቀረጹ የነበሩት የሰንጠረዥ ጠጠሮች ብዙዎቹ የሰው ወይም የእንስሳ መልክ አልነበራቸውም። ሮኩ አናቱ ላይ የተሰነጠቀ ቁራጭ ብቻ ነበር። አውሮፓውያን ያንን ስንጥቅ ይዘው ጫፎቹን እያስረዘሙና እየጠቀለሉ ጋሻ ላይ አስቀመጡት። ጨዋታው ላይ ያለው ጠጠር ከጊዜ በኋላ መልኩን ሲቀይር ጋሻው ላይ ያለው ግን አልተቀየረም። በግንብ ቅርጽ ብሰፋው ሥራው ግማሽ ይቀልልኝ ነበር፤ ያኔ ግን ሌላ ዓርማ ይሆናል።

ማክሰኞ፣ መርካቶ

ቀይና ሰማያዊ ገበርዲን ገዛሁ። ለነጩ አቡጀዴ ወሰድኩ። ለአበቦቹ ሙካሽ፣ ካባ ላይ የሚጠለፈውን ወርቃማውን ክር ማለቴ ነው።

ቀዩን መምረጥ ጊዜ ወሰደብኝ። ነጋዴው አንዱን ጥቅል በሌላው ላይ እያወረደ “ይኼ ደማቅ ነው፣ ይኼ ጠቆር ይላል” ይለኛል። እኔም በር ላይ አውጥቼ በፀሐይ አያለሁ። ዓርማው የሚለው “ቀይ” ብቻ ነው። የትኛው ቀይ እንደሆነ አይወስንም። ይኼ የዓርማ ሕግ ውበት ነው፤ ሕጉ በቃላት የተጻፈ ነው፣ ሥዕሉ የሠሪው ነው። ሁለት ሰው አንዱን ዓርማ ቢሠራ ሁለት ዓይነት ጨርቅ ይወጣል፣ ሁለቱም ትክክል ነው። ወደ ብርቱካን የማያደላ ደማቅ ቀይ ይዤ ወጣሁ።

ማታውን ቀዩን ለብቻው በሙቅ ውኃና በጨው ዘፈዘፍኩት። ውኃው ሻይ መሰለ። እንደገና ውኃ እየቀየርኩ እስኪጠራ አጠብኩት። አቡጀዴ አጠገብ የሚሰፋ ቀይ ሳይታጠብ አይነካም፤ አንድ ቀን እርጥበት ካገኘው ነጩን ሐምራዊ ያደርገዋል።

ሐሙስ፣ ስንጥቁ

ሦስቱን ሮኮች ጀመርኩ። ካርቶን ላይ ቅርጹን ቆርጬ፣ አቡጀዴውን ከካርቶኑ ግማሽ ሳንቲ አስበልጬ እቆርጣለሁ። ከዚያ ትርፉን በካርቶኑ ዙሪያ አጥፌ በካውያ እተኩሳለሁ። ካርቶኑን አወጣና ቅርጹን ቀዩ ላይ በስፒል አስይዤ፣ ጠርዙን በስውር ስፌት በእጅ እሰፋለሁ። መኪና አይሆንም፤ ጥምዝምዙ ላይ ይዘላል።

አቡጀዴው ስስ ስለሆነ ቀዩ ከሥር ያሳያል፤ ነጩ ወደ ሮዝ ይሄዳል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሮክ ከውስጥ አንድ ተጨማሪ ነጭ ገበር አስገባሁ። በዚያ ላይ ትንሽ ከፍ ብሎ ስለሚቆም ጥላ ይጥላል። ደስ ብሎኛል።

ችግሩ አናቱ ላይ ያለው ስንጥቅ ነው። ወደ ውስጥ የሚገባ ሹል ማዕዘን ለማጠፍ ትርፍ ጨርቅ የለውም። በመቀስ ጫፍ እስከ መስመሩ ድረስ መሰንጠቅ አለበት። ግን መስመሩን ከነካህ ይተረተራል። ሰፈራችን ያሉትን ልብስ ሰፊ ሄጄ ጠየቅኳቸው። “ጋሼ፣ ይቺን ጥግ እንዴት ያደርጓታል?” አልኳቸው። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩና፣ “ሁለት ክር ሲቀርሽ አቁሚ” አሉኝ። “ከዚያ እዚያው ጥግ ላይ ብቻ አጥብቀሽ፣ አቀራርበሽ ስፊ። ሌላውን ተይው፣ ራሱ ይተኛል።”

እንዳሉት አደረግኩ። ሁለት የክር ውፍረት ሲቀር መቀሱን አቆምኩ፤ ጥጉ ላይ ስፌቱን አንዱን በአንዱ ላይ ደራርቤ ወጋሁ። ስንጥቁ ቁልጭ ብሎ ወጣ። የሮኩ መልክ ያለው እዚያች ጥግ ላይ ነው፤ እሷ ከደበዘዘች ቅርጹ ምንም አይሆንም።

ዓርብ፣ አማዱር ማን ነው

እጄ ሲሰፋ እያሰብኩ ነበር። በ1166 በእመቤታችን ቤተ ጸሎት ደጃፍ መቃብር ሲቆፈር ያልፈረሰ አስከሬን ተገኘ። አማዱር የተባለው እሱ ነው። ማን እንደነበር ብዙ ተብሏል። ከሁሉ የሚወደደው አፈ ታሪክ ግን ዘኬዎስ ነው የሚለው ነው። አዎ፣ ያው የኢያሪኮው ዘኬዎስ፣ ቁመቱ አጥሮበት ጌታን ለማየት ሾላ ላይ የወጣው ቀራጭ። አፈ ታሪኩ እንደሚለው ከሚስቱ ከቬሮኒካ ጋር ባሕር ተሻግሮ መጣ፤ በመጨረሻም በዚህ ገደል ባሕታዊ ሆኖ ኖረ።

ይህ አፈ ታሪክ ነው፤ ታሪክ ነው ብሎ የሚከራከር የለም። እኔ ግን ለቦታው የሚመጥን ሰው መርጠዋል እላለሁ። ለማየት ብሎ ከፍ ያለ ቦታ የወጣ ሰው ነውና። ዛሬም ወደ ቤተ ጸሎቶቹ የሚወስደው ደረጃ 216 ነው። ድሮ ተሳላሚዎች በጉልበታቸው ነበር የሚወጡት፤ አሁንም እንዲያ የሚወጣ አለ። የእንግሊዙ ንጉሥ ሄንሪ 2ኛ መጥቶ ተሳልሟል። የፈረንሳዩ ሉዊ 9ኛም በ1244 ከእናቱ ከብላንሽ ጋር መጥቷል።

ዐለቱ ሲሸከም ብቻ የኖረ አይደለም። በ1476 ከገደሉ የተናደ ድንጋይ የእመቤታችንን ቤተ ጸሎት አፍርሶታል፤ በ1479 እንደገና ተሠራ። በ1562 ደግሞ በሃይማኖት ጦርነት ጊዜ ፕሮቴስታንት ወታደሮች ቦታውን ዘረፉ፤ የአማዱርም አስከሬን ያኔ ጠፋ። ሰውየው ጠፍቶ ዐለቱና ስሙ ቀሩ። ጋሻው ላይም ያለው ዐለቱ ነው።

ሰኞ፣ ሰማያዊውን ማገናኘት

ዛሬ ይህን ሁሉ ጨርቅ የገዛሁበት ነገር ላይ ደረስኩ።

በዓርማ ሥራ አንድ የታወቀ ሕግ አለ። ወርቅና ብር ማዕድን ይባላሉ። ቀይ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁር፣ አረንጓዴና ሐምራዊ ደግሞ ቀለም ይባላሉ። ማዕድን በማዕድን ላይ፣ ቀለም በቀለም ላይ አይቀመጥም። ምክንያቱ ቀላል ነው። ጋሻና ባንዲራ ከሩቅ መለየት አለባቸው። ነጭ ሮክ በቀይ ላይ ከሜዳው ማዶ ይታያል። የወርቅ አበባ በሰማያዊ ላይ እንደዚያው። ሰማያዊ በቀይ ላይ ግን አይፈቀድም።

የሮካማዱር ጋሻ ግን ሰማያዊ ሰቅ በቀይ ላይ አለው! ታዲያ እንዴት ታለፈ? ባለሙያዎቹ የሚሉት ይህ ነው፤ ሰቁ በቀዩ ላይ አልተቀመጠም፣ ከቀዩ ጋር ተሰፍቷል። በይፋዊው የቃል መግለጫ ላይ የተጻፈው እንዲሁ ነው፤ “የተሰፋ” ሰማያዊ ሰቅ። ሁለት ጨርቆች ጎን ለጎን ናቸው፤ አንዱ በሌላው ላይ አይደለም። ስለዚህ ሕጉ አልተጣሰም።

በሥዕል ይህ ወረቀት ላይ ያለ አባባል ብቻ ነው። ሰማያዊው በቀዩ ላይ ተቀባም ቢባል ከቀዩ ጋር ተሰፋም ቢባል ልዩነቱ አይታይም። በጨርቅ ግን እውነት መሆን ወይም አለመሆን አለበት። ሁለት ምርጫ ነበረኝ። ቀዩን ሙሉ ጋሻ አድርጌ ሰማያዊውን በላዩ ልለጥፍ እችላለሁ። ይኼ ቀላል ነው፤ ጨርቁም አይወጠርም፣ አይሸበሸብም። ወይም ቀዩን ከላይኛው ሲሶ ላይ ቆርጬ ጥዬ፣ የሰማያዊውን ጠርዝ ከቀዩ ጠርዝ ጋር ፊት ለፊት አጋጥሜ ልሰፋ እችላለሁ።

ቀዩን ቆረጥኩት። ሁለቱን ጠርዞች ፊታቸውን አገናኝቼ በመኪና ቀጥ አድርጌ ሰፋሁ። ስፌቱን ከጀርባ ከፍቼ ግራና ቀኝ በካውያ አስተኛሁት። ከፊት ሲታይ ቀጭን መስመር ብቻ ናት። በጣት ስትዳሰስ ግን ከአንዱ ወደ ሌላው ስትሻገሪ መውጫም መውረጃም የላትም፤ እኩል ነው። በሰማያዊው ሥር ቀይ የለም። መግለጫው የሚለው ነገር በእጄ ላይ እውነት ሆነ፤ ከዚህ ሁሉ ሥራ የበለጠ ያስደሰተኝ ይኼ ነው።

አንድ ነገር ግን አልሸፋፍንም። ሕጉ ያለ ምክንያት አልወጣም። አመሻሹ ላይ መብራት ሳላበራ ከክፍሉ ማዶ ሆኜ ሳየው፣ ቀዩና ሰማያዊው ተዋህደው አንድ ጥቁር ነገር መሰሉ። ሦስቱ ነጭ ሮኮች ግን ቁልጭ ብለው ይታያሉ። አንዲት ወዳጄ “መሀሉ ላይ ወርቅማ ገመድ አድርጊበትና ይለይ” ብላኝ ነበር። ሐሳቧ ለዓይን ጥሩ ነው። ግን መግለጫው ላይ ገመድ የለም። አላደረግኩም።

ረቡዕ፣ ሦስቱ አበቦች

አበቦቹ የፈረንሳይ ነገሥታት ምልክት ናቸው። ሦስት ቅጠል፣ መሀል ላይ በአንድ መታጠቂያ የታሰሩ። ነገሥታቱ ድሮ ሰማያዊውን መደብ በብዙ ትናንሽ አበቦች ይሞሉት ነበር። ቁጥሩ ሦስት ላይ የረጋው በ14ኛው ክፍለ ዘመን፣ በሻርል 5ኛ ዘመን ነው። ለሥላሴ ክብር ነው ይባላል። አንድ ከተማ ይህን ሰቅ ከጋሻዋ በላይ ካደረገች ከዙፋኑ ጋር ያላትን ትስስር እየተናገረች ነው።

እዚህ ላይ የጋሻው አደረጃጀት ይገርመኛል። የንጉሡ ምልክት ከላይ ነው፣ የክብር ቦታ ይዟል። ግን የተሰፋ ነው። የመንደሯ የሆነው ቀዩ መደብና ሮኮቹ ናቸው፤ መግለጫውም ሲነበብ የሚጀምረው ከእነሱ ነው። ንጉሡ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። በ1790 አብዮተኞቹ የመኳንንትን ማዕረግና ዓርማ በአዋጅ ሻሩ፤ ዙፋኑም ብዙ ሳይቆይ ወደቀ። ዛሬ በፈረንሳይ ዓርማን የሚወስነው የከተማው ምክር ቤት ራሱ ነው። ንጉሥ በሌለበት አገር አበቦቹ አሁንም በሰማያዊው ላይ ናቸው፤ ማንም እንዲፈታቸው አያስገድድም፣ እንዲያኖራቸውም አያስገድድም። መንደሯ አኑራቸዋለች።

ሙካሹ አስቸጋሪ ክር ነው። በጨርቁ ውስጥ ደጋግሞ ካለፈ ልባሱ ይላጣል። ስለዚህ ክሩን ከላይ አስተኝቼ በቀጭን ቢጫ ክር እየነጠብኩ ነው የያዝኩት። ካባ የሚሠሩ ሰዎች የሚያደርጉት እንደዚያ ነው። የመሀሉን ቅጠል ከሥር በጥጥ ክር ሞላ አድርጌዋለሁ፤ ብርሃን ሲመታው ያብጣል።

ሐሙስ፣ የሌለችው

እህቴ በቪዲዮ አይታው ደስ አላት። ከዚያ ጸጥ አለችና፣ “እመቤታችንን ለምን አትጨምሪባትም?” አለችኝ። “ሰው ሁሉ እዚያ የሚሄደው ለእሷ አይደል?”

እውነቷን ነው። የሮካማዱር ትልቁ ሀብት ጥቁሯ ማርያም ናት። ከዋልነት እንጨት የተጠረበች የ12ኛ ክፍለ ዘመን ምስል ናት፤ ቁመቷ 69 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። ቀጭን ናት፣ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች፣ ልጇ ጉልበቷ ላይ ነው። ከላይዋ አሮጌ የብረት ደወል ተሰቅሏል። ባሕር ላይ አደጋ የደረሰባቸው መርከበኞች ስሟን ሲጠሩ ደወሉ ራሱ ይደውል ነበር ይባላል። በ1172 የተጻፈው የተአምር መጽሐፏ 126 ተአምር ይዟል። መንደሯ በሙሉ የቆመችው በእሷ ነው። ጋሻው ላይ ግን የለችም።

“እትዬ፣ እሷ ከገባች የሮካማዱር ዓርማ አይሆንም” አልኳት። ጋሻው የሚናገረው ስለ ዐለቱ ነው፤ እሷን ስለ ያዘው ዐለት። እኔ ይኼን እንደ ጉድለት አላየውም። ሁሉን ነገር ጋሻ ላይ ማስፈር የሚፈልጉ ከተሞች አሉ፤ ወንዙን፣ ድልድዩን፣ ፋብሪካውን፣ ወይኑን። ሮካማዱር አንድ ነገር መርጣ ሦስት ጊዜ አለችው።

ደግሞ እመቤታችን በተሳላሚዎች ዘንድ የራሷ ምልክት ነበራት። ከመካከለኛው ዘመን ጀምሮ ሮካማዱር ደርሶ የሚመለስ ሰው ከእርሳስና ከቆርቆሮ የተሠራች ትንሽ ጌጥ ይገዛ ነበር። ከላይም ከታችም ሾል ያለች ሞላላ ናት። መሀሏ ላይ እመቤታችን ልጇን ይዛ ተቀምጣለች። ዙሪያዋን በላቲን “የሮካማዱር ብፅዕት ማርያም ማኅተም” የሚል ተጽፎባታል። ጠርዟ ላይ ትናንሽ ቀለበቶች አሏት፤ በእነሱ በኩል ባርኔጣ ወይም ልብስ ላይ ትሰፋለች።

እንግዲህ መስፋት ከሆነ እሱን እችላለሁ። ጋሻውን አልነካውም። በጀርባው ገበር ጥግ ላይ ግን በግራጫ ክር አንዲት ሞላላ እየጠለፍኩላት ነው። ስትሰቅለው አትታይም። እህቴ ግን የት እንዳለች ታውቃለች።

ቅዳሜ፣ ገበርና መላኪያ

ገበሩ አቡጀዴ ነው። ከላይ እንጨት የሚገባበት ሰርጥ ሰፋሁለት፤ ክብደቱ እኩል እንዲሰራጭና ጥግ ጥጉ እንዳይንጠለጠል። ሞላላዋን ከታች በስተቀኝ አደረግኳት። ከጎኗ የዓርማውን መግለጫ በአማርኛ ጠለፍኩ፤ የቃሉን ቅደም ተከተል ጠብቄ፦ “ቀይ መደብ፤ ሦስት የብር ሮኮች፣ ሁለትና አንድ፤ ከላይ የተሰፋ ሰማያዊ ሰቅ፣ ሦስት የወርቅ አበባ ያለበት።” ጨርቁ አንድ ቀን ቢያልቅ ይህን አንብቦ ሌላ ሰው እንደገና ሊሠራው ይችላል።

በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ፈረንሳይ የሚሄድ ሰው ተገኝቷል። ጨርቁ አይታጠፍም፤ ሙካሹ ይሰበራል። ፊቱን ወደ ውጭ አድርጌ በካርቶን ቱቦ ላይ ጠቅልዬዋለሁ፤ ከላይ ነጭ ወረቀት አለ። እህቴ ሆይ፣ ስትከፍቺው በካውያ ከፈለግሽ ከጀርባው በኩል ብቻ ተኩሺው፤ አበቦቹ ጋ ስትደርሺ ግን እለፊያቸው።